ፀጉሩ ወዴት ነው?

ከሁሉ የሚያናድደኝ «ምን አመጣው?» የሚለው ጥያቄ ነው። እግሬ ማታ ማታ ፍም ላይ የቆምኩ ይመስል ይንገበገባል፤ እሺ። ቀን ቀን ደግሞ ከቁርጭምጭሚቴ በታች ያለው ሁሉ የኔ አይደለም፤ እሱንም እሺ። ለምጄዋለሁ አልልም፣ ግን ይዤው እኖራለሁ። መንገድ ላይ ያገኘኝ ሁሉ ቆም ብሎ፣ አንገቱን ዘንበል፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ምን አመጣው?» ሲለኝ ግን ደሜ ይፈላል። ምን እንዳመጣው ባውቅ በመጣበት መንገድ አልሸኘውም ነበር?

ሐኪሞቹ አልሰነፉም፣ ሐቁን ልናገር። ስኳር ፈለጉ፣ የለም። ቫይታሚን ጎድሎ ይሆናል ብለው ፈለጉ፣ ሙሉ ነው። ደሜን ቀድተው ቀድተው የቀረኝ መኖሩም ይገርመኛል። አንዱ «መጠጥ ይጠጣሉ?» አለኝ። «እስካሁን አልጀመርኩም፣ እንዲህ ከቀጠላችሁ ግን እንጃ» አልኩት። አንዷ እግሬን በኤሌክትሪክ ስትነዝረኝ ዋለች። ሌላው በመርፌ ጠቅ ጠቅ እያደረገ «ይሰማዎታል?» ይለኛል፤ እኔ «ጀመርክ እንዴ?» እለዋለሁ። በመጨረሻ ልጄ ሊሆን የሚችል ዶክተር ወንበሩን ወደ እኔ ሳብ አደረገና «እናቴ፣ ነርቭዎ ተጎድቷል። ምክንያቱ ግን አልታወቀም» አለኝ።

«እስቲ ትንሽ ፈልጉት» አልኩ።

«ፈልገናል እኮ፣ እናቴ። ምክንያቱ የማይገኝለት ብዙ ሰው አለ።»

የሚያቃጥለውን የሚያበርድ ኪኒን አዘዘልኝ። በባዶ እግር አይሂዱ፣ እግርዎን በየቀኑ በዓይንዎ እያዩ ቁስል እንደሌለ ያረጋግጡ፣ አይሰማዎትምና፣ ብሎ መከረኝ። ትሑት ልጅ ነው። ብቻ ተናድጄበት ወጣሁ። ሰው እንዴት ስሙን የማያውቀው ሌባ ቤቱን እየዘረፈው «ብዙ ሰው እንዲህ ይዘረፋል» ሲባል ይጽናናል?

ሐኪም ያጣውን ምክንያት ዘመድና ጎረቤት በየቀኑ ያገኙልኛል። አማቴ በስልክ «ብርድ ነው፣ ካልሲ ደርቢ» አሉኝ። ጎረቤቴ «ያ የምታዘወትሪው የላስቲክ ጫማ ነው» አለች። ባለቤቴ «የሱቁ ሲሚንቶ ነው» ብሎ ምንጣፍ ገዝቶ አመጣ፤ የምንጣፉ ጠርዝ አደናቅፎኝ በአፍጢሜ ልደፋ ነበር። የባሰችው ግን «ነርቭ» የምትለዋ ቃል ናት። ነርቭ ነው ባልኩ ቁጥር ሰው ሁሉ ራሱን ነቅነቅ አድርጎ «ያው ስለምትናደጂ ነዋ!» ይለኛል። ኧረ በሕግ አምላክ! እኔ የምናደደው እግሬን ስላጣሁት ነው እንጂ እግሬን ያጣሁት ስለምናደድ ነው እንዴ? ይሄን ጮክ ብዬ ስናገር ደግሞ እርስ በርሳቸው ይተያዩና «አየሽ? ይኸው!» ይሉኛል። ከዚህ ወዲያ ምን ይባላል?

እኔና ታናሽ እህቴ የመጋረጃ መስፊያ ሱቅ አለን። አንድ ክፍል ናት፤ መሐሏን የመቁረጫው ጠረጴዛ ይዞታል፣ በመስኮቱ በኩል ሁለት የስፌት መኪና፣ በጓሮ በር በኩል ካውያና የጨርቅ ጥቅል። እኔ እቆርጣለሁ፣ እሷ ትሰፋለች። ሱቁ ከተከፈተ ጀምሮ እንዲሁ ነው። ቤተሰቡ ሁሉ ኤሊ ይላታል፤ ስትራመድ ቀስ፣ ስትበላ ቀስ፣ ጥያቄ ጠይቀሃት መልሱ እስኪመጣ ሌላ ሥራ ሠርተህ መመለስ ትችላለህ። ግን ኤሊ የሰፋችውን እንኳን ሰው መጋዝም አይፈታውም። እኔን እትዬ ነው የምትለኝ፤ ስትፈራኝ ደግሞ ዝም ነው የምትለው።

የእግሬን ነገር ሁሉም ያውቀዋል። መደበቅ ቀርቶ፣ አንድ ቀን ጠዋት ሱቅ ገብቼ ጨርቅ ልዘረጋ ስል ኤሊ ዓይኗን እግሬ ላይ ተክላ ቀረች።

«ምን ያስፈጥጥሻል?»

ቆየች፣ ቆየችና «እትዬ፣ አንዱ ጫማሽ የት አለ?» አለች።

ዝቅ ብዬ ባይ የግራ እግሬ ባዶውን ነው። ጫማዬ መንገድ ላይ ወልቆ ቀርቶ፣ እኔ ያን ሁሉ ጠጠርና ኩሬ በባዶ እግሬ አቋርጬ፣ ለማውቀው ሰው ሁሉ ሰላምታ እየሰጠሁ መጥቻለሁ! ኤሊ ወጥታ ፈልጋ አመጣችው፤ ዳቦ ቤቱ በር ላይ ነው አሉ የተገኘው። ያን ቀን እኔም ስቄያለሁ። እግር እኮ ነው፣ መጋረጃ በእግር አይቆረጥም።

የጣቶቼን ነገር ግን ለማንም አልተናገርኩም ነበር። ሲጀምር ጫፍ ጫፋቸው ላይ ሸረሪት የሚሄድ ይመስለኝ ነበር። ቀጥሎ ቁልፍ መቆለፍ ሥራ ሆነ፣ ቀጥሎ ስፒል ስይዝ ይዤው ይሁን አይሁን ለማወቅ ማየት ነበረብኝ። ዝም አልኩ። አንድ ቀን ገበር እየተኮስኩ የሚቃጠል ነገር ሸተተኝ።

«ኤሊ! ጨርቁን እያነደድሽው ነው!» ብዬ ጮህኩባት።

ኤሊ ካውያ አልያዘችም፤ እሷ መርፌ ላይ ክር እያስገባች ነበር። ቀና ብላ አየችኝ፣ ከዚያ እጄን አየች። የግራ እጄ ሁለት ጣቶች ከካውያው ጠርዝ ሥር ነበሩ። የሸተተው እኔ ነኝ!

እጄን መንጭቄ ቧንቧ ሥር ያዝኩት። «ሐሳብ ይዞኝ ነው» አልኩ። ለባለቤቴ በር ቆነጠጠኝ አልኩት። ዓይኔን በጨው አጥቤ! ኤሊ እዚያው ተቀምጣ፣ ሰምታ፣ ሻይዋን እያማሰለች ዝም።

ይሄ በሆነ ሰሞን ነው የአዳራሹ ሥራ የመጣው። ትልቅ አዳራሽ ነው፣ ቴአትሩም ስብሰባውም እዚያ ነው የሚደረገው፤ የመድረኩ አሮጌ መጋረጃ ተበልቶ አልቆ አዲስ ይሠራልን ብለው እኛ ዘንድ መጡ። የመጡት የአዳራሹ ኃላፊ ናቸው፤ በሐሩርም በዝናብም ከረባታቸውን ስለማይፈቱ እኔና ኤሊ በጓዳ ከረባቱ ነው የምንላቸው። ጥቁር አረንጓዴ ከፋይ መረጡ። ትልልቆቹ መጋረጃዎች ግራና ቀኝ ይወርዳሉ፤ ከመድረኩ አናት ላይ ደግሞ ታችኛው ጠርዛቸው እንደ ግማሽ ጨረቃ የዞረ ቁራጮች ጎን ለጎን ይንጠለጠላሉ። ግንባር ነው የምንለው። ሰው አዳራሹ ውስጥ ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው ግንባሩን ነው፤ ከግንባሩም መሐለኛዋን።

ከፋይ እንደ ሌላ ጨርቅ አይደለም። ፊቱ ላይ ያለው አጭር ፀጉር ቀጥ ብሎ አይቆምም፣ ወደ አንድ በኩል ይተኛል። እጅ በተኛበት በኩል ሲሄድበት ይንሸራተታል፤ በተቃራኒው ሲሄድበት ይሻክራል፣ ይቃወማል። ብርሃንም እንደዚሁ ይጫወትበታል፤ ፀጉሩ ወደ ላይ ሆኖ የተሰቀለው ጠቆር፣ ደመቅ ይላል፣ ወደ ታች የሆነው ደግሞ ነጣ ብሎ ያብለጨልጫል። ስለዚህ የአንድ መጋረጃ ቁራጮች ፀጉራቸው ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ መሆን አለበት። አንዷ ከተገለበጠች የሌላ ጨርቅ ትመስላለች፣ ከሩቅ ትጮሃለች። በዚያ ላይ ከፋይ የሚቆረጠው ፊቱ ወደ ጠረጴዛው፣ ጀርባው ወደ ላይ ሆኖ ነው፤ ዓይን ፀጉሩን አያየውም። እጅን ከሥር አስገብቶ ዳበስ ማድረግ ነው። ኤሊ ሥራ ስትጀምር «እትዬ፣ ፀጉሩ ወዴት ነው?» ብላ በጠየቀችኝ ቁጥር «ጣት የለሽም እንዴ?» እላት ነበር። ከዚያ በኋላ ለብቻዋ ለመደችው።

የአዳራሹ ሥራ በመጣ ማግስት ኤሊ ቤታችን መጥታ ሻይ እየጠጣን ባለቤቴ ጀመረኝ። ባለቤቴ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ መሪ ላይ ሲሆን ትዕግሥተኛ፣ ቤት ሲገባ ጨቅጫቃ።

«ይሄን ሥራ ለሌላ ሰው ስጡት። አሁንስ እረፊ» አለኝ።

«ደከመኝ ብዬሃለሁ?»

«እግርሽ እንዲህ ሆኖ ቀኑን ሙሉ ቆመሽ... ኤሊ ትቁረጠው።»

«ኤሊ ቆርጣ እስክትጨርስ አዳራሹ ያረጃል!»

«ቢያረጅስ? ይቺን ጣትሽን ደግሞ እያት እስቲ። እውነት አሁን ይሄ የበር ነው?» አለና የተጠቀለለውን ጣቴን ያዘኝ። ኤሊ ስኒዋ ውስጥ ልትገባ ምንም አልቀራት።

ያኔ አናቴ ላይ ወጣብኝ። «ስማ! ይሄን መጋረጃ እንከን ሳይወጣለት ቆርጬ ካስረከብኩ፣ እረፊ የምትለዋን ቃል ሁለተኛ ከአፍህ እንዳልሰማት!»

«እንከን ከተገኘበትስ?»

«ከተገኘበት መቀሱን ለኤሊ አስረክባለሁ። በቃ። ቃሌ ነው።»

ባለቤቴ እጁን ዘረጋ፣ መታሁለት። መምታቴን ያወቅኩት በድምፁ ነው። ኤሊ ስኒውን አስቀመጠችና «እኔን ለምን ታስገቡኛላችሁ?» አለች፤ የሰማት የለም።

እናንተ ቀላል ነገር ይመስላችሁ ይሆናል። መቀስ ነው፣ ትስጣት፣ ትላላችሁ። እኔ ከመቀሱ ሌላ ምን አለኝ? እግሬን ወሰደው፣ ምን እንደወሰደው እንኳን አልነገረኝም። እንቅልፌን ወሰደው። ከጠረጴዛው ካስነሳኝ የሚቀረኝ ቤት ተቀምጦ «ምን አመጣው?» ለሚለኝ ሁሉ ሻይ ማቅረብ ነው። ያንን ከማየት አፈር ብበላ ይሻለኛል።

ከፋዩ በሁለት ጥቅል መጣ። በመጀመሪያው ቀን ሱቅ ስገባ ኤሊ ቀድማኝ ገብታ አንዱን ጥቅል ጠረጴዛው ላይ ዘርግታዋለች። ቀርቤ ሳየው የጨርቁ ጀርባ በቀስት ተሞልቷል። በደረቅ ሳሙና፣ ክንድ ክንድ እየለካች፣ ሁሉም ወደ አንድ በኩል የሚያመለክቱ ቀስቶች።

«ይሄ ምንድነው?»

«ቀስት ነው።»

«ቀስት መሆኑንማ ዓይን አለኝ፣ አየሁት። ለምን ተጫረ ነው የምልሽ?»

መልሱ እስኪመጣ ጠበቅኩ። «ፀጉሩ... እንዳይምታታብን ብዬ ነው፣ እትዬ።»

«እንዳይምታታብን! ማን ላይ ነው የሚምታታው? አንቺ ላይ?»

መሬት መሬት አየች። ለራሷ ብትጭረው ኖሮ ቀና ብላ «አዎ» ትለኝ ነበር፤ ውሸት ስለማትችል ነው ያቀረቀረችው። ገባኝ። ከካውያው ቀን ጀምሮ ስታስብልኝ፣ ስታዝንልኝ፣ ስትጠብቀኝ ኖራለች! ከሁሉም ሰው ብችለው ከኤሊ አልችለውም። ብሩሽ አንስቼ ቀስቶቹን አንድ በአንድ ጠረግኳቸው። «እኔ ሳስተምርሽ የነበርኩትን መልሰሽ ልታስተምሪኝ ነው? ወደ መኪናሽ!» አልኳት። ሄደች። ጨርቁ ላይ የቀረ ምልክት የለም፣ እርፍ!

የመጀመሪያው ጥቅል ምንም አላስቸገረኝም። አንዴ አቅጣጫውን ከያዙት ጥቅሉ ራሱ ይመራል፤ ትልልቆቹንም፣ የግንባሩን የጎን ቁራጮችም ከሱ አወጣኋቸው። መቀሱ ሲሄድልኝ ድምፁን እሰማለሁ፣ እጄ ባይሰማኝም ጆሮዬ ይቆርጣል። ልቤ ሞቀ። አየህ፣ አልኩት ባለቤቴን በሆዴ፣ አየህ!

መሐለኛዋን የቆረጥኳት ከሁለተኛው ጥቅል ነው። ሁለተኛው ጥቅል የተጠቀለለው በተቃራኒው ነበር፤ ጨርቅ ፋብሪካ እንዲህ ያለ ቀልድ ይወዳል። ስለዚህም ነው አዲስ ጥቅል በተዘረጋ ቁጥር እንደ አዲስ የሚዳበሰው። ዳበስኩት። እጄን ከሥር ከትቼ ወዲህ አስኬድኩ፣ ወዲያ አስኬድኩ። ጣቶቼ እንደሆኑ ቀኑን ሙሉ ይነዝራሉ፣ ይሻክራሉ፣ የሌለ ነገር ሁሉ ይሰማቸዋል፤ ከፋዩ ይሁን እነሱ ማን ያውቃል? ወዲያ ሲሄድ የሻከረኝ መሰለኝ። መሰለኝ ነው የምላችሁ። ጫፏን ገልጬ በዓይኔ ባይ ምን ነበረበት? ምንም! ግን ጫፍ ገልጦ ማየት የጀማሪ ነው፣ ኤሊ ደግሞ ከመኪናው ጀርባ ሆና እያየችኝ ነው። ቆረጥኩ።

ኤሊ ልትሰፋት ስታነሳት ቀጥ ብላ ቀረች። መዳፏን አንዴ አስኬደችባት፣ ደገመችው።

«እትዬ፣ ይቺ መሐለኛዋ...»

«ምን ሆነች?»

«አይ... እስቲ አንዴ ነይና...»

«ኤሊ፣ ዛሬ ልታናግሪኝ ነው ወይስ ልትሰፊ? ሥራሽን ሥሪ!»

ከዚያ አንገቷን ደፍታ ሰፋቻት፣ ገበሯን ጨምራ፣ እንደ ልማዷ በማይፈታ ስፌት።

የሚሰቀልበት ቀን ባለቤቴ መጋረጃውን በመኪናው ጭኖ ወሰደልን። ሠራተኞች መሰላል ላይ ወጥተው ሲሰቅሉ ዋሉ፤ እኔ ወንበር ላይ ተቀምጬ «ቀኝ ዝቅ! ግራ ከፍ!» እያልኩ ሳዝዝ ዋልኩ። አዳራሹ ደብዛዛ ስለነበር ሁሉም ነገር ያው አረንጓዴ ነው። ባለቤቴ አጠገቤ መጥቶ ቆመና «እንግዲህ ተረታሁ መሰለኝ» አለ፤ ደስ ብሎትም ነበር፣ ጨቅጫቃ ይሁን እንጂ ክፉ አይደለም። ከዚያ ከረባቱ እጃቸውን አጨብጭበው «በሉ እስቲ የመድረኩን መብራት አብሩት!» አሉ።

በራ።

መሐለኛዋ ነጥታለች። ግራና ቀኟ ያሉት ጥቁር አረንጓዴ፣ እሷ ግን ውሃ የነካው ሣር መስላ ታብለጨልጫለች። ከመጨረሻው ወንበር ላይ ያለ ዓይነ ደካማ እንኳ ያያታል። ሆዴ ውስጥ የሆነ ነገር ቁልቁል ወረደ፤ እሱ ይሰማኛል፣ እዚያ ያለው ነርቭ ደህና ነው።

«ያቺ መሐል ያለችው ምን ሆናለች?» አሉ ከረባቱ። «ጨርቁ አንሶ ከሌላ ቀጠላችሁበት እንዴ?»

እኔ አፌን ሳልከፍት ኤሊ፣ ያቺ መልሷ የማይደርስ ኤሊ፣ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ወጣች። «ጥፋቱ የኔ ነው፣ ጌታዬ። ስሰፋ ገልብጬ ሰፍቻት ነው። እህቴ በትክክል ነው የቆረጠችው።»

ከረባቱ አመኗት። ባለቤቴም አመናት። የግማሽ ጨረቃ ቁራጭ እንዴት ተገልብጦ ይሰፋል? ዙሩ ወደ ላይ ይሆን ነበር እኮ! ግን ይሄን የሚያውቅ ከሁለታችን በቀር እዚያ አዳራሽ ውስጥ ማንም የለም። ከረባቱ ከንፈራቸውን መጠጡና «እህትዎ እንደዚህ ዓይነት ሥራ ላይ ባትገባ ይሻላል» አሉኝ፣ ለእኔ፣ እሷ እዚያው ቆማ እየሰማች። ኤሊ መሬት መሬት ታያለች።

ዝም ብል እኮ አልቆልኛል። የቆረጥኩት እንከን የለበትም ተብሏል፣ ባለቤቴ ተረቷል፣ መቀሱ በእጄ ነው። ዝም ማለት ነው፣ ሌላ ምንም አይጠበቅብኝም። ከምሬ ነው የምላችሁ፣ ለአንድ አፍታ ዝም አልኩ። ከዚያ የኤሊን አንገት አየሁት፣ እንደዚያ ተደፍቶ፤ በእሷ ላይ ተናደድኩ፣ በከረባቱ ላይ ተናደድኩ፣ ከሁሉ በላይ በእነዚህ በማይረቡ ጣቶቼ ተናደድኩ።

«ውሸቷን ነው!» አልኩ። አዳራሹ ባዶ ስለሆነ ድምፄ ተመልሶ መጣብኝ። «የቆረጥኩት እኔ ነኝ፣ የገለበጥኩትም እኔ ነኝ። እሷ ልትነግረኝ ስትል አፏን አስዘጋኋት። ጣቶቼ አይሰማቸውም። ሁሉም። ከፋይም ብዳብስ፣ ድንጋይም ብዳብስ፣ እሳትም ብዳብስ ለኔ አንድ ነው።»

ባለቤቴ ወደ እኔ ዞረ፣ የተጠቀለለውን ጣቴን አየ። የበሩ ነገር ያኔ ገባው።

ከረባቱ ደንግጠው ከረባታቸውን ነካ ነካ አደረጉ። «ወይ እህቴ... ምን አመጣው?»

«አይታወቅም!»

«እንዴት አይታወቅም? ሐኪም ቤት አልሄዱም?»

«ሄጃለሁ! እሱም አያውቅም! የሚያውቅ የለም! ይቺን ያውርዱልኝ፣ ሌላ ሠርቼ አመጣለሁ!» አልኳቸው፤ እሳቸው በዓይናቸው «ስለምትናደድ ነው» ሲሉ በግልጽ ታየኝ።

ሱቅ ስንመለስ ባለቤቴ መሐለኛዋን እንደ ሕፃን ታቅፎ በሩ ላይ ቆመ። «ነግሬሽ ነበር» ቢለኝ ይቀለኝ ነበር፤ ዝም ሲል ነው ያንጨረጨረኝ።

«ተናገራ!» አልኩት።

«ምን ልናገር?»

«የምትደብቂኝ ነገር ካለ ንገሪኝ ማለት አታውቅም?»

«ብጠይቅሽ ትነግሪኝ ነበር?» አለኝ።

መቀሱን ከመስቀያው አወረድኩና ኤሊ ፊት አስቀመጥኩት። «ይኸው። ቃሌ ቃል ነው።»

ኤሊ መቀሱን አየችው። ከዚያ ወደ እኔ መልሳ ገፋችው። «እኔ መቁረጥ አልችልም። መስመር ስይዝ እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ግማሽ ጨረቃው የአይጥ ጥርስ ነው የሚመስለው።»

«ቃል ገብቻለሁ አልኩሽ እኮ!»

«ቃሉን የገባሽው ለባልሽ ነው። እኔን ማን ጠየቀኝ?» አለች፣ ድምፅዋ ከፍ ብሎ። ኤሊ ስትቆጣ ሰምቼ አላውቅም፤ ባለቤቴም አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። «ቤትሽ ሻይ ስጠጣ አልጠየቃችሁኝ፣ ቀስቴን ስትጠርጊው አልጠየቅሽኝ! መቀሱ ያንቺ ነው። ቁረጪ!»

ከሁለተኛው ጥቅል የተረፈውን ዘረጋችልኝ፤ ጀርባው ወደ ላይ። ለአንዲት ቁራጭ ይበቃል፣ ለሌላ ስህተት አይበቃም። እጄን ከሥር ከተትኩ። ወዲህ አስኬድኩት። ወዲያ አስኬድኩት። ያው ነው፤ ሸረሪቶቹ ይሄዳሉ፣ ሌላ ምንም የለም። የጨርቁን ጫፍ ልገልጥ እጄን ሰደድኩና መለስኩት። መግለጡን አልጠላሁትም፤ ግን እሷ እዚያ ቆማለች፣ እሷ ታውቀዋለች፣ እኔ ደግሞ ደከመኝ። ይሄን ሁሉ ጊዜ ብቻዬን ስይዘው ደከመኝ።

«ኤሊ» አልኩ። «ፀጉሩ ወዴት ነው?»

ኤሊ ቀና ብላ አየችኝ። እንደ ልማዷ ቆየች፣ ቆየች፣ ከዚያ ፊቷ ሳይነቃነቅ፣

«ጣት የለሽም እንዴ?» አለችኝ።

እኔ መጀመሪያ ደሜ ሊፈላ ነበር፣ ከዚያ ሳቄ መጣ፣ ከሳቄ ጋር ደግሞ እንባዬ፤ ሁለቱም እኩል ወረዱ፣ ማንኛውንም መያዝ አልቻልኩም።

«የለኝም» አልኩ። «የለኝም፣ ንገሪኝ።»

እጇን ከሥር አስገባች። አልቸኮለችም፣ ኤሊ ናት፤ አንዴ ዳበሰች፣ ደገመች፣ ሠለሰች። ከዚያ ደረቁን ሳሙና አንስታ ከጨርቁ ዳር እስከ ዳር አንድ ቀስት አሰመረች፣ ማንም ብሩሽ በቀላሉ የማይጠርገው ወፍራም ቀስት።

«በዚህ በኩል ነው፣ እትዬ።»

መቀሱን አነሳሁ። ጣቶቼ መያዣው ውስጥ በትክክል መግባታቸውን ዝቅ ብዬ በዓይኔ አየሁና ቆረጥኩ።